የይፋት ገበሬና የምርጫው ሣጥን

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ሲጓዙ የጣርማ በርን ዋሻ አልፈው፣ የደብረ ሲናን ቁልቁለት ጨርሰው ከሸዋ ሮቢት ሲደርሱ የቆላው ሙቀት ይቀበልዎታል። ጥቂት እንደ ቀጠሉም ጀውሃን ያገኛሉ። አገሩ የይፋት ቆላ ነው፤ ማሽላና ጤፍ የሚበቅልበት፣ ዐማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ በገበያ የሚገናኙበት ምድር። ዛሬ የምነግርዎ የዚህ ቆላ ገበሬ ድምፁን ለመስጠት እንዴት እንደ በቃ ነው።

መምረጥ ራሱ ለአገሩ ሰው እንግዳ ነገር አልነበረም። ጠብ ሲነሣ ሽማግሌ፣ ለማኅበሩም ሙሴ ይመርጥ ነበር። ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚደረገው በዛፍ ጥላ ሥር፣ ሁሉም እየሰማ ነው። ባለርስቱ በተቀመጠበት ጉባኤ ጭሰኛው ምን ያህል አፉን ሞልቶ ይናገር እንደ ነበር ለመገመት አያዳግትም።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የተፈረመው ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶችን ቢያቋቁምም፣ የሕግ መምሪያውን አባሎች የሚመርጡት መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ነበሩ። ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ ነው ተባለ፤ መብቃቱን የሚመሰክርለት ማን እንደ ሆነ ግን አልተነገረም። ከ24 ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት 21 ዓመት ለሞላው ኢትዮጵያዊ ሁሉ፣ ለወንድም ለሴትም፣ የመምረጥን መብት ሰጠ። የመጀመሪያውም ምርጫ በ1950 ዓ.ም. መባቻ ተደረገ።

እስቲ ያን ወራት ያስቡት። በቆላው ማሽላው ዘለላ የሚያወጣበት፣ ልጆች ከማማ ላይ ሆነው ወፍ በወንጭፍ የሚያባርሩበት ጊዜ ነው። ገበሬው ያን ትቶ ወደ ምርጫ ጣቢያ ሲሄድ፣ መንግሥት ግብርህን አምጣ ሳይለው ፈቃድህ ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቀው በዕድሜው የመጀመሪያው ነበር። በዚያ ምርጫ 210 እንደራሴዎች ተመረጡ፤ ከእነርሱም አንዷ ከአዲስ አበባ የተመረጡት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ነበሩ። ሆኖም የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም። ለመመረጥም በምርጫው ወረዳ 1,000 ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ፣ ወይም 2,000 ብር የሚያወጣ ተንቀሳቃሽ ንብረት ያስፈልግ ነበር። ጭሰኛው ይመርጣል እንጂ አይመረጥም ማለት ነው። እኔ እንደሚመስለኝ የዚያ ዘመን ምርጫ ዋና ጉድለት ይህ ነበር፤ የድምፁን ወረቀት ቢሰጡትም የሚያርሰው መሬት የዕጩው ነበርና።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በእንግሊዝ አገር እንኳ እስከ 1872 (በፈረንጅ አቆጣጠር) መራጩ ድምፁን በአደባባይ ይሰጥ ስለ ነበር፣ ባለመሬቱ ማን እንደ ከዳው ያውቅ ነበር። ምስጢራዊ ምርጫ በሕግ አስቀድሞ የተደነገገው በ1856 በአውስትራሊያ ነው።

በኛ አገር ምክር ቤቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ተዘጋ፤ በዚያው ዓመት የካቲት 25 ቀን ደግሞ በመሬት አዋጅ ጭሰኝነት ቀረ። ገበሬው ከባለርስቱ ተላቀቀ፣ ምርጫ ግን አላገኘም። በ1979 ዓ.ም. ብሔራዊ ሸንጎ ሲመረጥም ዕጩዎቹ ከኢሠፓና ከእርሱ በታች ካሉት ድርጅቶች የመጡ ነበሩ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት 18 ዓመት የሞላው ሁሉ ድምፁን በምስጢር እንዲሰጥ ደነገገ።

ከዚያ ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. መጣ። ዕለቱ እሑድ ነበር፤ ከጀውሃ ብዙ በማይርቀው በሰንበቴ የገበያ ቀን ነው። ለወራት የገዥውና የተቃዋሚ ፓርቲ ሰዎች በሬዲዮና በቴሌቪዥን ሲከራከሩ የሰማ ሕዝብ ገና ሳይነጋ ተሰለፈ። ከ25 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቦ ነበር። ሽማግሌው በምርኩዝ፣ እናት ልጇን አዝላ ቆሙ፤ በአንዳንድ ጣቢያ ሰልፉ ሌሊቱን ዘለቀ። ተራው ሲደርስ መዝገቡ ይታያል፣ ጣት ቀለም ይነካል፣ ከዚያ መራጩ ብቻውን ወደ መጋረጃው ጀርባ ይገባል። ማንበብ የማይችለው የንቡን ወይም የሁለቱን ጣቶች ምልክት ይፈልጋል። ያች ቅጽበት አጭር ናት፤ ነገር ግን ጭቃ ሹም፣ ባለርስት፣ ሊቀ መንበር፣ ጎረቤትም የማይገባበት ስፍራ ነው። እኔ የምርጫ ቀንን ደስታ የምፈልገው ከዚያ ነው፤ በሰልፉ ያለው ጨዋታ መቅድሙ ነው። ሣጥኑ በዚያው በጣቢያው ተከፍቶ ይቈጠራል። ከአስመራጮቹ መካከል እንደ እርስዎ ያሉ መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች ነበሩባቸው። ውጤቱ በበሩ ላይ ሲለጠፍ ፊደል ያልቈጠረው አባት ልጁን ይዞ መጥቶ ያስነብበዋል።

ቀለሙ ከጥፍር ላይ ሳይለቅ የውጤቱ ክርክር ተነሣ። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በደረሰው ሁከት 193 ሲቪሎች መሞታቸውን አጣሪው ኮሚሽን መዝግቧል፤ ፖሊሶችም ሞተዋል። ይህን ከሰልፉ ደስታ ለይቼ ማውራት አልወደድሁም። ሁለቱንም ያየ ሰው ስለዚያ ዓመት ሲጠየቅ አስቀድሞ የሚያነሣው የቱን እንደ ሆነ፣ ከመሥሪያ ቤት ጓደኞችዎ ጠይቀው ይረዱ።