ለመታጠቢያ ክፍል ቬንትሌተር ተከላ የሚያስፈልጉ የኤሌክትሪክ ደህንነት መስፈርቶች

በከተሞች በሚገነቡ ባለብዙ ፎቅ የመኖሪያና የቢሮ ሕንፃዎች መስኮት የሌላቸው የመታጠቢያ ክፍሎች በርካታ በመሆናቸው እንፋሎትና ሽታን የሚያስወጣ ቬንትሌተር መትከል የተለመደ ሆኗል። መሣሪያው አነስተኛ ቢሆንም ውኃና ኤሌክትሪክ በሚገናኙበት ሥፍራ የሚተከል በመሆኑ የተከላው ጉድለት የሰው ሕይወት እስከማጥፋት ሊደርስ ይችላል።

በኢትዮጵያ ለመኖሪያ ቤቶች የሚቀርበው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። የሰው ቆዳ በውኃ ሲርስ ኤሌክትሪክን የመቋቋም አቅሙ በእጅጉ ስለሚቀንስ በደረቅ ክፍል ቀላል ንዝረት የሚያስከትል ብልሽት በመታጠቢያ ክፍል ለሞት ሊዳርግ ይችላል።

ብዙ ጊዜ በተራ ብሬከር ላይ የሚጣለው እምነት የተሳሳተ ነው። 10 አምፔር ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ከቃጠሎ እንጂ ሰውን ከንዝረት አይደለም። ስለሆነም ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን በመለያ ቁጥር 60364 ባወጣው ደረጃ፣ ክፍል 701፣ የመታጠቢያ ክፍል መስመሮች ከ30 ሚሊ አምፔር ባልበለጠ ፍሳሽ ኤሌክትሪክን የሚያቋርጥ፣ አርሲዲ በሚል አሕጽሮት የሚታወቅ መከላከያ እንዲኖራቸው ይጠይቃል። ይህ መጠን ከ10 አምፔር ከ300 ጊዜ በላይ ያነሰ ነው።

ደረጃው ክፍሉን በቀጠና ይከፍላል። የገንዳው ወይም የሻወር መቆሚያው ውስጠኛ ክፍል ቀጠና 0፣ ከዚያ በላይ ከወለል እስከ 2.25 ሜትር ከፍታ ያለው ቀጠና 1፣ ከዚህ ጎን እስከ 60 ሳንቲ ሜትር የሚደርሰው ደግሞ ቀጠና 2 ይባላል። ቬንትሌተሩን ከእነዚህ ቀጠናዎች ውጭ መትከል ይመረጣል። በቀጠና 1 ወይም 2 የሚተከል ከሆነ አምራቹ ለሥፍራው የፈቀደውና የውኃ መከላከያ ደረጃው ቢያንስ አይፒ ኤክስ 4 የሆነ መሆን ይኖርበታል። ተራ ሶኬትና ማብሪያ ማጥፊያ በእነዚህ ቀጠናዎች ውስጥ አይተከሉም።

አካሉ ብረት የሆነና ድርብ መከላከያ የሌለው ቬንትሌተር ከግራውንድ ሽቦ ጋር መያያዝ አለበት። ማብሪያ ማጥፊያው የሚያቋርጠው ፌዙን እንጂ ኒውትራሉን መሆን የለበትም፤ አለበለዚያ ቬንትሌተሩ ጠፍቶም ኤሌክትሪክ ይኖረዋል። የሽቦ መገጣጠሚያዎች በተከደነ ስካቶላ ውስጥ ይቀመጣሉ። እንፋሎቱም ወደ ኮርኒስ ውስጥ ሳይሆን ከሕንፃው ውጭ መለቀቅ ይገባዋል፤ በኮርኒስ ውስጥ የሚጠራቀም እርጥበት መገጣጠሚያዎችን ያበላሻል።

የ20 ዋት ቬንትሌተር የሚወስደው ከ0.1 አምፔር ያነሰ በመሆኑ ሞተሩ በአቧራ ታፍኖ ቢግል ብሬከሩ ላያቋርጠው ይችላል። ሙቀት ሲጨምር ራሱን የሚያጠፋ መሣሪያ መምረጥና በየጊዜው ማጽዳት ለዚህ መፍትሔ ነው።

ሥራው ብቃቱ በተረጋገጠ ባለሙያ፣ ኤሌክትሪኩ ከዋናው ማቋረጫ ጠፍቶና መጥፋቱ በመለኪያ ተረጋግጦ መከናወን አለበት። ሕንፃ የሚረከቡ መሥሪያ ቤቶችም የአርሲዲውን መሞከሪያ ቁልፍ በመጫን መስመሩ መቋረጡን፣ የግራውንድ ሽቦውን ቀጣይነትና የቬንትሌተሩን የውኃ መከላከያ ደረጃ ከርክክቡ በፊት ማረጋገጥ ይጠበቅባቸዋል።