ዜዱን ልግዛ ወይስ ሮታሪውን?

እንግዲህ ቀረብ በሉና ስሙኝ። የሁለት መኪኖች ታሪክ ነው የማወጋችሁ። ሁለቱም ጃፓን ተወልደው አሜሪካ ስም ያወጡ፣ ሁለቱም ባለሁለት በር፣ ረጅም ኮፈንና አጭር ጀርባ ያላቸው፣ መሬት ለመሬት የሚሄዱ ስፖርት መኪኖች ናቸው። አንደኛው ዳትሰን 240 ዜድ ነው፤ ሌላው ደግሞ ሮታሪ የሚባል ሞተር የያዘው የመጀመሪያ ትውልድ ማዝዳ አርኤክስ-7። ዛሬ ጋራዥ ያለው፣ ትንሽ ገንዘብ ያጠራቀመ፣ አሮጌ መኪና ገዝቶ በገዛ እጁ ፈታትቶ ማደስ የሚመኝ ሰው፣ አማርጦ አማርጦ ብዙ ጊዜ እነዚህ ሁለቱ ዘንድ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም፤ ዜዱን ልግዛ ወይስ ሮታሪውን?

እኔ መልስ አለኝ። ነገር ግን መልሱ የሚጥመው ታሪኩን ለሰማ ነው፤ ስለዚህ ከሥሩ እንነሳ።

ጊዜው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1960 ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በዚሁ ቁጠሩልኝ። ዩታካ ካታያማ የሚባሉ፣ ዳትሰንን የሚሠራው የኒሳን ኩባንያ ሰው፣ የአሜሪካን ገበያ አጥኑ ተብለው ይላካሉ። ካታያማ ወረቀት ብቻ ሲያገላብጡ የኖሩ ሰው አልነበሩም። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1958፣ የዳትሰንን ቡድን መርተው አውስትራሊያን በሚዞረው ከባድ ውድድር ተሰልፈዋል፤ ከወሰዷቸው ሁለት መኪኖች አንዷም በምድቧ አንደኛ ወጥታለች። መኪና ለእሳቸው የሚነዳ ነገር ነው፤ ሲነዱት ደስ ካላሰኘ ምን ይሠራል?

አሜሪካ ሲደርሱ ግን የሚሸጡት ትንንሽ፣ ጉልበት ያነሳቸው መኪኖችና ፒክአፖች ሆኑ። ዳትሰን የሚለውን ስም የሚያውቅም ጥቂት ነው። ካታያማ አልተቀመጡም። ከነጋዴ ነጋዴ እየዞሩ መደብር አስከፈቱ፤ ወደ ቶኪዮም መወትወቱን ተያያዙት። የሚፈልጉት ስፖርት መኪና ነው፤ ያውም ለሀብታም ብቻ ሳይሆን ደመወዝተኛውም የሚደርስበት። ዮሺሂኮ ማትሱኦ የሚመሩት የዲዛይን ቡድን ሲጥል ሲያነሳ ቆይቶ፣ በጥቅምት 1969 ያ መኪና ለዕይታ በቃ።

ጃፓን ውስጥ ስሙ ፌርሌዲ ዜድ ነበር። ካታያማ ይህ ስም ለአሜሪካ ገበያ አይሆንም ብለው የፌርሌዲውን ጽሑፍ አስነቅለው 240 ዜድ የሚለውን አስለጠፉበት ይባላል። ቁጥሩ የሞተሩን መጠን ይነግራል፤ 2,393 ሲሲ፣ በአንድ መስመር የተደረደሩ ስድስት ሲሊንደሮች፣ ሁለት ካርቡሬተር፣ በዘመኑ አለካክ 151 የፈረስ ጉልበት። አራቱም እግሮቹ ለየብቻቸው የሚንቀሳቀሱ ናቸው። ዋጋው ስንት ቢሆን ጥሩ ነው? 3,526 ዶላር! ይህን የሚስተካከሉ የአውሮፓ መኪኖች እጅግ ውድ በነበሩበት ዘመን! ገዢው ተሰለፈ፤ ወረፋ ለመጠበቅ ትዕግሥት ያጣውም ከተቆረጠው ዋጋ በላይ እየከፈለ ወሰደ።

ሞተሩ ደግሞ የዋዛ አልነበረም። የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጭቃው፣ አቧራው፣ ድንጋዩ መኪና የሚፈጅ ነው። በዚያ መንገድ 240 ዜድ በ1971 በኤድጋር ኸርማን፣ በ1973 ደግሞ ኡጋንዳ በተወለደው በሼካር ሜህታ እጅ ሁለት ጊዜ አሸንፏል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ የዜድ ሞተር ጠንካራ ነው። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፤ እንደርስበታለን።

አሁን ወደ ሂሮሺማ እንሻገር። እዚያ ቶዮ ኮግዮ የሚባል፣ በኋላ ማዝዳ ተብሎ የተጠራ ፋብሪካ አለ። የጃፓን መንግሥት ትንንሾቹን የመኪና ፋብሪካዎች ከትልልቆቹ ጋር ለማዋሃድ ሐሳብ ነበረውና፣ የቶዮ ኮግዮው ፕሬዚዳንት ጹኔጂ ማትሱዳ ተውጦ ላለመቅረት ሌላ ማንም የሌለውን ነገር መያዝ አለብን አሉ። በ1961 ከጀርመኑ ኤንኤስዩ ጋር ተዋዋሉ። የገዙት ፌሊክስ ቫንክል ያፈለቁትን የሮታሪ ሞተር የመሥራት መብት ነው።

ይህ ሞተር እንዴት ያለ ነው? በተለመደው ሞተር ፒስተን ወደ ላይ ወደ ታች ይመላለሳል። እዚህ ግን ጎኖቹ ወጣ ወጣ ያሉ ባለሦስት ማዕዘን ብረት፣ ወገቡ ጠበብ ባለ ሞላላ ቤት ውስጥ ይዞራል። እየዞረ አየርና ቤንዚን ያስገባል፣ ይጨምቃል፣ ያቃጥላል፣ ጭሱን ያስወጣል። ቫልቭ የለ፣ የቫልቭ ሰንሰለት የለ። ትንሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ያለ ንዝረት ይሽከረከራል። በወረቀት ላይ ሲያዩት እንከን አይወጣለትም።

በብረት ሲሠራ ግን ጉድ ወጣ። የሦስት ማዕዘኑ ጫፎች ላይ ጋዙን የሚያግቱ ማሸጊያዎች አሉ፤ እነዚያ ማሸጊያዎች እየተንቀጠቀጡ የቤቱን ግድግዳ ይቧጥጡት ጀመር። ሞተሩን ሲከፍቱት ውስጡ በሙሉ መስመር በመስመር ተጭሯል። መሐንዲሶቹ የሰይጣን ጥፍር ብለው ስም አወጡለት። በ1963 ኬኒቺ ያማሞቶ የሚባሉ መሐንዲስ የሮታሪ ምርምር ክፍል ኃላፊ ሆኑ፤ ከሥራቸው የተሰለፈው ቡድንም በጃፓን ታሪክ ከሚታወቁት 47 ጌታ አልባ ሳሙራዮች ጋር እየተነጻጸረ ሲወሳ ይኖራል። ማሸጊያውን በዚህ ማዕድን ሞከሩት፣ በዚያ ሞከሩት፤ በመጨረሻ ካርቦንና አሉሚኒየም ተዋህደው የተሠራው ማሸጊያ ጭረቱን አስቆመው። በ1967 ሮታሪ የያዘው ኮስሞ ስፖርት ለገበያ ወጣ።

ደስታው ብዙ አልቆየም። በ1973 የነዳጅ ቀውስ መጣ። ሮታሪ ቤንዚን ይጠጣል፤ አሜሪካዊው ገዢ ሸሸ፤ ፋብሪካው ለመውደቅ ደረሰና የሱሚቶሞ ባንክ እጁን አስገባ። ሌላ ቢሆን ሮታሪውን ቀብሮ ዘወር ባለ። እነ ያማሞቶ ግን የነዳጅ አጠቃቀሙን በ40 በመቶ እናሻሽላለን ብለው ተነሱ። በ1978 የመጣው የዚያ ትግል ልጅ ነው፤ አርኤክስ-7። ሞተሩ ከፊት ጎማዎቹ መስመር ወደ ኋላ ገባ ብሎ ተቀምጧል፤ ክብደቱም ለፊትና ለኋላ እኩል ለመባል የቀረበ ነው። ለአሜሪካ የቀረበው 12ኤ ሞተር በስሌት 1,146 ሲሲ ብቻ ሆኖ 100 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ዙሩ ቀዩን መስመር ሊያልፍ ሲል ከክሩስኮቶው ጥዝዝ የሚል ድምፅ ሹፌሩን ያስጠነቅቀዋል፤ ሞተሩ ያለ ድካም ስለሚሽከረከር ሹፌር ይዘነጋል። እስከ 1985 ድረስ ከ470,000 በላይ ተሠርቷል። በ1981 አርኤክስ-7 ቤልጂየም ውስጥ ስፓ ላይ የ24 ሰዓቱን ውድድር አሸነፈ፤ በ1991 ደግሞ 787ቢ የተባለው ባለሮታሪ የማዝዳ ውድድር መኪና በፈረንሳዩ የለማን ውድድር ድል አደረገ። ያማሞቶ በ1984 የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሆነው ነበር።

ታሪኩ ይህ ነው። አሁን ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱን መኪኖች ልናይ ሄድን እንበል። የያዝነው ገንዘብ ለሁለቱም እኩል ነው። የእጅ ባትሪና ማግኔት፣ ክሪክና የኮምፕሬሽን መለኪያ ይዘናል።

ከዜድ እንጀምር። ቀለሙ ያብረቀርቃል፤ ቀለም ግን ምስክር አይሆንም። ኮፈኑን ክፈቱና የባትሪውን መቀመጫ እዩ። ለዓመታት ከባትሪው የተንጠባጠበ አሲድ መቀመጫውን በልቶ፣ ከሥሩ ያለውን ሻንሲ ይጀምራል። ከዚያ ምንጣፉን ገልጣችሁ ወለሉን በጣታችሁ አንኳኩ፤ ጤነኛ ላሜራ ጠንከር ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የበሰበሰው ድፍን ይላል። ከበሩ ኋላ፣ ከጎማው ፊት ያለችውን የታችኛዋን ጥግ ማግኔት አስነኩ። ማግኔቱ ከተንሸራተተ ከቀለሙ ሥር ያለው ብረት ሳይሆን ስቱኮ ነው። የኋላውን መዝጊያ ከንፈርና የመጠባበቂያ ጎማውን ጉድጓድ አትርሱ። በመጨረሻ መኪናውን በክሪክ አንሱና ከወለሉ ሥር የሚሄዱትን ሁለቱን የሻንሲ ብረቶች ተከተሉ። ዝገት ዜድን የሚገለው እዚህ ነው።

ዝገቱን ማውጣት ይቻላል፤ የአካሉ ክፍሎችም አዲስ ተሠርተው ይሸጣሉ። ሥራው ግን ከባድ ነው። ከበሩ ሥር ያለውን የበሰበሰ ብረት ከመቁረጣችሁ በፊት በበሩ ክፍት ላይ አጋዳሚ ብረት በይዳችሁ አካሉን መያዝ አለባችሁ፤ አለዚያ መሐሉ ይጎብጥና በሩ ሁለተኛ አይገጥምም። አንዱን ጉድ ስትቆርጡ ሌላው ይገለጣል፤ ሂሳቡ የት እንደሚቆም አስቀድሞ አይታወቅም። ሞተሩ ግን ይኸው ከጎኑ ሆኖ ለመሥራት ዝግጁ ነው። የ1973ቱን ከሆነ ያያችሁት ካርቡሬተሮቹን ብቻ ጠይቁ፤ የዚያ ዓመቶቹ ሲሞቁ ያስቸግሩ ስለነበር ብዙ ሰው በቀደሙት ቀይሯቸዋል።

አሁን አርኤክስ-7ን እንይ። እሱም ይዝጋል፤ አካሉን በዚያው ዓይን መርምሩት። ዋናው ጥያቄ ግን ሞተሩ ውስጥ ነው። አስነሱት፣ በደንብ እስኪሞቅ ንዱት፣ አጥፉትና ወዲያው መልሳችሁ አስነሱ። ሞተሪኖው እየዞረ እምቢ ካለ ኮምፕሬሽኑ ደክሟል። ትንሽ ሰማያዊ ጭስ አያስደንግጣችሁ፤ ይህ ሞተር ማሸጊያዎቹን ለማለስለስ ሲባል ዘይት እያቃጠለ እንዲሠራ የተሠራ ነው። ጣፈጥ ያለ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ ካያችሁ ግን የራዲያተሩ ውሃ ሞተሩ ውስጥ ገብቷልና ውሃውን የሚያግቱት ጎሚኒዎች አልቀዋል ማለት ነው።

ከዚያ የታችኛዋን ካንዴላ ፈትታችሁ መለኪያውን ግጠሙና ሞተሪኖውን አዙሩ። ጆሯችሁን አቅኑ። ፑፍ፣ ፑፍ፣ ፑፍ። ለሦስቱ የሮተር ፊቶች ሦስት ትንፋሽ ነው። ሦስቱም እኩል ከሆኑ ደስ ይበላችሁ። ፑፍ፣ ፑፍ፣ ፍስስ ካለ አንደኛው ፊት አያግትም፤ ሞተሩ መከፈት አለበት።

መከፈት ሲባል ብዙ ሰው ይደነግጣል። እኔ ግን ተስፋዬ ያለው እዚህ ላይ ነው። ይህ ሞተር ትንሽ ነው። ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ረጃጅሞቹ ብሎኖች ሲፈቱ ንብርብሩ ተራ በተራ ይነሳል፤ ሁለቱ ሮተሮች፣ ሁለቱ ቤቶች፣ በመሐልና በዳር ያሉት ሰሌዳዎች። ሁሉም ፊታችሁ ነው። የቤቱን ግድግዳ በጥፍራችሁ ዳሱት። ለስላሳ ከሆነ አዲስ ማሸጊያና ጎሚኒ ገዝታችሁ በንጽሕናና በጥንቃቄ መልሳችሁ ትገጥሙታላችሁ። የግድግዳው የክሮም ልባስ ከተላጠ ግን ቤቱ መቀየር አለበት፤ ያ ውድ ነው። ቢሆንም ምን እንደጎደለ፣ ስንት እንደሚፈጅ ጠረጴዛው ላይ ቆጥራችሁ ታውቁታላችሁ።

እንግዲህ መልሴ ይኸውላችሁ። አርኤክስ-7ን ግዙ፤ አካሉ ጤነኛ የሆነውን፣ ሞተሩ ደከም ብሎ ዋጋው የወረደውንም ቢሆን። የመጀመሪያ ሥራው ለሆነ ሰው፣ የተሰወረ ዝገት ከማሳደድ ይልቅ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ ሞተር ይሻለዋል። የብየዳ ማሽንና እጅ ያለው፣ ባትላሜራነትን የሚያውቅ ሰው ግን ዜድን ቢመርጥ አላስቆመውም፤ ሞተሩ ውለታውን ይመልስለታል።

ሌላም ምክንያት አለኝ፤ ለእኔ ይኸኛው ይበልጣል። በ1970 ዜድን ዜድ ያሰኘው መልኩ ብቻ አልነበረም። ደመወዝተኛው እውነተኛ ስፖርት መኪና መግዛት መቻሉ ነው። ዛሬ ዜድ ከዚያ ደረጃ ወጥቷል፤ በ2020 አንድ የ1971 ሞዴል በጨረታ 310,000 ዶላር አውጥቷል። ለስሙ ክብር ነው፣ ደስ ይላል፤ ግን ያንን መኪና ዝናብ ላይ የሚያቆመው፣ ሥራ ሄዶበት የሚመለሰው ማን ነው? በዘመናችን ካታያማ ያሉትን የሚፈጽመው የያማሞቶ መኪና ሆኗል። ዋጋው አሁንም ሰው የሚደርስበት ነው፤ መሪው ይታዘዛል፤ ሞተሩ መሽከርከር አይሰለቸውም።

ካታያማ በ2015 በ105 ዓመታቸው፣ ያማሞቶ በ2017 በ95 ዓመታቸው አረፉ። ሁለቱም የደከሙት ተሸፍኖ ለሚቀመጥ ዕቃ አልነበረም። ስለዚህ ስትጨርሱት ዘይቱን እያያችሁ፣ ሙቀቱን እየተቆጣጠራችሁ፣ ሞተሩ ሲሞቅ እስከ ቀዩ መስመር ድረስ ንዱት።