ለዕጩ መኮንንነት የሚያበቃው ትምህርት ከ9ኛ ክፍል ይጀምራል

አቃቂ ቃሊቲ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው ጎዳና ግራና ቀኝ የተዘረጋ ክፍለ ከተማ ነው። በአንድ ወገን ፋብሪካና መጋዘን፣ በሌላው ወገን ጤፍና ሽምብራ የሚበቅልበት ማሳ ይታይበታል። ከዚህ ተነሥቶ በዚያው ጎዳና ጥቂት የተጓዘ ሰው የኢትዮጵያ አየር ኀይልና የመከላከያ ዩኒቨርሲቲ የኢንጂነሪንግ ኮሌጅ የሚገኙባትን ቢሾፍቱን ያገኛል። ልጃቸው በመንግሥት ወጪ ተምሮ መኮንን እንዲኾን የሚሹ ወላጆች ታዲያ መንገዱ ቅርብ ይመስላቸዋል። የቦታው መቅረብ ግን በሩን አያሰፋውም።

በሩን የሚያጠበው ብዙዎች እንደሚያስቡት የሩጫና የክብደት ፈተና ብቻ አይደለም። ጤነኛና ብርቱ ወጣት በየሰፈሩ አለ፤ የሚጠፋው የ12ኛ ክፍል ውጤት ነው። የብሔራዊ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። ቁጥሩ ቢሻሻልም ከመቶ ተፈታኞች ዘጠኝ እንኳ አልሞላም። ዕጩ መኮንንን በዲግሪ መርሐ ግብር የሚያስተምር ተቋም በዋናነት የሚመርጠው ከእነዚህ ጥቂቶች መካከል ነው።

አካባቢው ለወታደራዊ ሙያ እንግዳ አይደለም። ገና በምሥረታ ላይ የነበረው የኢትዮጵያ አየር ኀይል የአቃቂን አውሮፕላን ማረፊያ ይገለገልበት ነበር፤ በ1928 ዓ.ም. የጣልያን አውሮፕላኖች ደብድበውታል። በዚያ ጦርነት ኀይሉን የመሩት አፍሪካ አሜሪካዊው ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ነበሩ። በ1927 ዓ.ም. በሆለታ ገነት በተከፈተው የጦር ትምህርት ቤት ደግሞ በካፒቴን ቪኪንግ ታም የሚመሩ የስዊድን መኮንኖች ያስተምሩ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ዕጩዎች ሥልጠናቸውን ሳይፈጽሙ ወረራው ደረሰባቸው፤ ከመካከላቸውም ጥቁር አንበሳ በተባለው የአርበኞች ማኅበር የተሰለፉ ነበሩ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መባቻ የተቋቋመው የሐረር ጦር አካዳሚ ነገሩን ይበልጥ ወደ ትምህርት አዘነበለው። በሕንድ መኮንኖች እየታገዘ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የጨረሱ ወጣቶችን ተቀብሎ ሦስት ዓመት ያሠለጥን ነበር። በሆለታና በሐረር ምሩቃን መካከል ለረጅም ጊዜ ሲነገር የኖረው ፉክክርም በከፊል ከዚህ የትምህርት መነሻ ልዩነት የመጣ ነው።

ከትምህርቶቹ ሁሉ ሒሳብ ይቀድማል፤ ምክንያቱም ለፈተና ብቻ ሳይኾን ለሥራው ራሱ ያስፈልጋል። በ1፡50,000 ልኬት በተሠራ ካርታ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር የምትለካ መንገድ በምድር ላይ 1 ኪሎ ሜትር ናት። አቅጣጫን በማዕዘን መለካት፣ ከመድፍ የተተኮሰ ጥይት የት እንደሚያርፍ ማስላት፣ ነፋስ ከጎን ሲገፋ አውሮፕላን አፍንጫውን ወዴት ማዞር እንዳለበት ማወቅ፣ ሁሉም የትሪጎኖሜትሪና የቬክተር ሥራ ነው። ቬክተር በ10ኛ ክፍል ፊዚክስ ይጀመራል፤ በሁለት አቅጣጫ የሚደረግ እንቅስቃሴ በ11ኛ ክፍል ይከተላል። እነዚህን ሁለት ምዕራፎች ዘልሎ ያለፈ ተማሪ 12ኛ ክፍል ላይ መልሶ ለመያዝ ጊዜ አያገኝም።

ችግሩ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ በፊት የተጀመረ ነው። በ9ኛ ክፍል ሒሳብ የሚደናቀፍ ልጅ የሚደናቀፈው ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ባልጨበጠው ክፍልፋይ፣ ነጋቲቭ ቁጥርና የመጠን ንጽጽር ነው። ወላጅ ይህን ለመፈተሽ የተማረ መኾን አይጠበቅበትም። አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ነው ቢባል ሦስት ጥማድ ማሳ ስንት ካሬ ሜትር እንደኾነ ልጁን መጠየቅ ይበቃል። ልጁ 7,500 ብሎ በራሱ አካሄድ ካስረዳ መሠረቱ አለ። ካልቻለ ከ9ኛ ክፍል በፊት ያለው ክረምት ለአዲስ ምዕራፍ ሳይኾን ለድሮው መጻሕፍት መዋል አለበት። ብዙ ቤተሰቦች በክረምት ማጠናከሪያ ቀጣዩን ክፍል አስቀድሞ ማስተማርን ይመርጣሉ፤ መሠረቱ ላላ ልጅ ግን ከዚህ የሚያተርፈው ጥቂት ነው።

እንግሊዝኛ በሁለተኛነት ይምጣ እንጂ ሌሎቹን ሁሉ የሚሸከም ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ መማሪያው እርሱ ስለኾነ የፊዚክስን ጥያቄ ማንበብ ያልቻለ ተማሪ ፊዚክስ አያውቅም ተብሎ ይቆጠራል። በየቀኑ ከመማሪያ መጽሐፉ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ አንብቦ በሦስት ዐረፍተ ነገር መጻፍ፣ ወጪ የማይጠይቅ ግን ዓመት ሙሉ ሲቀጥል ውጤቱ የሚታይ ልምምድ ነው። የስኮላስቲክ አፕቲቲዩድ ፈተናም በዚሁ ንባብና በሒሳብ ላይ የቆመ ነው።

የአርሶ አደር ልጆች ተጨማሪ ፈተና አለባቸው። የጤፍ አጨዳና ውቂያ ከኅዳር ጀምሮ ሲደርስ ከክፍል የሚቀሩባቸው ሳምንታት የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ከባድ ምዕራፎች ከሚሰጡባቸው ጋር ይገጥማሉ። በደቦ ተራ ይዞ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ልጆችን ከሳምንቱ የትምህርት ቀናት ሥራ ማውጣት ለብዙ ቤተሰብ የሚቻል ነገር ነው።

የተፈጥሮ ሳይንስ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍ የሚመረጠው በ11ኛ ክፍል ነው። ለኢንጂነሪንግና ለጤና ትምህርት የተፈጥሮ ሳይንስ ያስፈልጋል፤ ይህን ምርጫ ጓደኛን ተከትሎ ማድረግ በሮችን አስቀድሞ ይዘጋል።

ወረቀቱ ከትምህርቱ ባልተናነሰ ያሰናክላል። የመመልመያ ዕድሜ ዝቅተኛው ወሰን 18 ዓመት ነው፤ ላይኛውን በየጊዜው የሚወጣው ማስታወቂያ ይወስነዋል። ዘግይተው ትምህርት የጀመሩ የገጠር ልጆች በዚህ ላይኛው ወሰን ይያዛሉ። በሀገሪቱ ዘመናዊው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. በመኾኑ የዛሬዎቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከዚያ በፊት የተወለዱ ናቸው፤ የልደት ምስክር ወረቀታቸውም በኋላ የወጣ ነው። ስለዚህ የስም አጻጻፍ በትምህርት ማስረጃ፣ በልደት ምስክር ወረቀት፣ በወረዳ መታወቂያና በፋይዳ ላይ ፊደል በፊደል አንድ መኾኑን፣ የልደት ቀኑም ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲዞር አለመዛባቱን 11ኛ ክፍል ላይ መመርመር ይገባል። የማመልከቻው ሳምንት ለዚህ እርማት አይበቃም።

ለአብራሪነት የሚያስብ ወጣት ዐይኑን ቀድሞ ቢመረመር ይሻላል። ቀለማትን መለየት አለመቻል አብራሪነትን ይዘጋል፤ ኢንጂነሪንግን ግን የግድ አይዘጋም። ይህን በ9ኛ ክፍል ያወቀ ተማሪ ሦስት ዓመት ለማይኾን ነገር አይደክምም።

ወደ ውጭ አካዳሚዎች መሄድም የሚቻለው በመንግሥት በኩል ነው። የአሜሪካው ዌስት ፖይንት በአንድ ጊዜ እስከ 60 የውጭ ሀገር ዕጩዎችን መያዝ የሚችል ሲኾን፣ ዕጩው ከ17 እስከ 23 ዓመት ዕድሜ ያለው፣ ያላገባና በሀገሩ መንግሥት የቀረበ መኾን አለበት። ሲመረቅም ወደ ሀገሩ ሠራዊት ይመለሳል። የሕንድ ብሔራዊ መከላከያ አካዳሚ ለሀገሩ ዜጎች በሚሰጠው የጽሑፍ ፈተና ከ900 ነጥብ 300ው የሒሳብ ነው፤ የቀረው 600 እንግሊዝኛንና ጠቅላላ ዕውቀትን ያካትታል። ሀገሩ ቢለያይም የሚጠየቀው ትምህርት ያው ነው።

በዚህ መካከል «በእኔ በኩል ትገባለህ» የሚል ደላላ አይጠፋም። ምልመላ በይፋ ማስታወቂያ የሚካሄድ ነው፤ ለማስገቢያ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው አታላይ ነው።

ነጻ የሚባለው ትምህርትም ዋጋ አለው፤ ዋጋው አገልግሎት ነው። መኮንን በሰላም ጊዜ ደመወዝተኛ ሊመስል ይችላል፤ በጦርነት ጊዜ ግን ሌሎችን እየመራ ወደ ግንባር የሚሄድ ሰው ነው፤ ያለፉት ዓመታት ጦርነቶችም ይህ ቃል ብቻ እንዳልኾነ አሳይተዋል። የአገልግሎት ዘመኑን፣ ሥልጠና ማቋረጥ የሚያስከትለውን ግዴታና የትዳርን ጉዳይ የሚመለከቱ የውሉ አንቀጾች ከመፈረም በፊት በቤተሰብ ፊት መነበብ አለባቸው። ልጁ የሚሄደው ወላጁ ስለፈለገ ብቻ ከኾነ ይህ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው።

ሳይመረጥ የቀረ ተማሪ ድካሙ አይባክንም። በዚያው በአቃቂ ቃሊቲ፣ ቂሊንጦ የሚገኘው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የራሱን የመግቢያ ፈተና የሚሰጥ ሲኾን ለተፈታኙ የሚጠቅመው ይኸው የሒሳብ፣ የፊዚክስና የእንግሊዝኛ ዝግጅት ነው። የምዝገባ ቀናቱ ሊቀራረቡ ስለሚችሉ የትምህርት ማስረጃዎቹን በሁለት ቅጂ አዘጋጅቶ መጠበቅ ይበጃል።