የመጋቢት 13ቱ ቮልስዋገንና ከዚያ በኋላ የመጣው ዊልቸር

ስለ ሻምበል አበበ ቢቂላ የሚጻፍ ሁሉ ከሮም ይነሣል። የዛሬው ዓምድ የሚነሣው ግን ከመጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት ስለሆነ፣ አንባቢ ደጋግሞ የሰማውን በጥድፊያ እንለፈው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ አርባ ቀን ሳይሞላው፣ ጫማውን አጥልቆ ቶኪዮ ላይ ደገመው። በሜክሲኮ እግሩ አልታዘዝ ብሎት አቋረጠ፤ ወርቁን ማሞ ወልዴ ይዞ ተመለሰ። አበበ የሻምበልነት ማዕረጉን ያገኘው ከሜክሲኮ መልስ ነው። አምስት ወር ቆይቶ መኪናው ተገለበጠች።

የእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አካባቢ ሰው ይህን ታሪክ እንደ ጎረቤት ታሪክ ቢያወራው አይፈረድበትም። የክብር ዘበኛ ወታደሮችን ያሠለጥኑ የነበሩት ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን አበበን ያስሮጡት በእነዚህ ኮረብታዎች ነው። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋው አየር ሯጭን ያጠነክራል፤ ዛሬም ገና ጎሕ ሳይቀድ በባሕር ዛፉ መካከል ቱታ የለበሱ ወጣቶች ሲያልፉ ይታያሉ። በዚያው ሰዓት በዚያው መንገድ ሌላ ጉዞም አለ። ጸበልተኛው ነጠላውን ተከናንቦ፣ ቢጫ ጀሪካኑን አንጠልጥሎ ወደ ኪዳነ ምሕረት ይሄዳል። መራመድ ያልቻለውን ወንድሙ ያዝለዋል፣ ወይም በቃሬዛ ይወስዱታል። ዊልቸር ያለው ቢኖር እንኳ የፊቶቹ ትንንሽ ጎማዎች ኮረቱ ውስጥ ስለሚሰምጡ፣ አስታማሚዎቹ ወንበሩን ወደ ኋላ አዙረው በትልልቆቹ ጎማዎች ይጎትቱታል። የተቀመጠው ሰው ሽቅብ የሚወጣው ጀርባውን ለቤተ ክርስቲያኑ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ከተማው አድርጎ ነው። ወንበሩ ለሆስፒታል ኮሪደር ስለተሠራ ለእንጦጦ አይሆንም።

ወደዚያች ሌሊት እንመለስ። አበበ ዛሬ በየካ ክፍለ ከተማ፣ በኮተቤ በኩል አልፎ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወጣው መንገድ ቮልስዋገኑን እየነዳ ነበር። መኪናዋ መንገድ ስታ ተገለበጠች፤ እሱም ውስጧ ተቀርቅሮ አደረ። ያወጡት በነጋታው ጠዋት ነው። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ይስማማሉ፤ ጭቅጭቁ መኪናዋ ለምን ተገለበጠች በሚለው ላይ ነው።

የሕይወት ታሪኩን ከጻፉት አንዱ ፖል ራምባሊ አበበ ጠጥቶ ሳይሆን አይቀርም ይላል። ልጁ ጽጌ አበበ በመጽሐፏ ያሰፈረችው የአባቷ ቃል ሌላ ነው፦ ከፊት ለፊት በፍጥነት የመጣች መኪና ነበረች፣ ከእሷ ለማምለጥ ሲል መሪውን አጠፈ። ሌላው ጸሐፊ ቲም ጁዳ ሁለቱንም መዝኖ፣ እርግጡን ማወቅ አስቸጋሪ ነው ብሎ ያልፈዋል።

ለእኔ ክብደት ያለው በመኪናዋ ውስጥ የነበረው ሰው ቃል ነው። አባት ለልጁ ቢያስተካክለውስ የሚል ይኖራል፤ ይሁን። የመጠጡ ወሬ ግን «ሳይሆን አይቀርም» ከሚለው አያልፍም፤ አየሁ የሚል ምስክርም አያቀርብም። የደብረ ብርሃንን መንገድ በሌሊት የነዳ ሰው ደግሞ፣ ከፊት የሚመጣ መኪና ረጅሙን መብራት ለቆ ዓይን ሲያጠፋ ምን እንደሚሆን ለማመን ምስክር አይፈልግም። ለማንኛውም ሃምሳ ዓመት ያለፈው ክርክር ሁሉ ስለ መሪው ሲሆን፣ ከሁሉ የሚበልጠው የታሪኩ ክፍል በሁለት መስመር ይታለፋል። ያም ክፍል የሚቀጥሉት ስምንት ወራት ናቸው።

አበበ መጀመሪያ የተወሰደው ወደ ክብር ዘበኛ ሆስፒታል ነበር። ከአንገቱ በታች አካሉ አይታዘዝም፤ ጭንቅላቱን እንኳ ማንቀሳቀስ አልቻለም። በሳምንቱ፣ መጋቢት 20 ቀን፣ ወደ እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል ተወሰደ። እዚያ ያለውን የአከርካሪ ጉዳት ክፍል እ.ኤ.አ. በ1944 ያቋቋሙት፣ ናዚዎችን ሸሽተው ከጀርመን የወጡት አይሁዳዊው የነርቭ ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን ናቸው። ከእሳቸው በፊት አከርካሪው የተጎዳ ሰው እንደ ሞተ ይቆጠር ነበር። ሰውየውን የሚገድለው ደግሞ በአብዛኛው ስብራቱ አልነበረም፤ ሳይገላበጥ ከመተኛት የሚመጣ የመኝታ ቁስልና የሽንት መንገድ ኢንፌክሽን ነበር። የጉትማን ዘዴ ተአምር የለበትም። ታማሚው ቀንም ሌሊትም በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጣል፣ ፊኛው በንጽሕና ይያዛል፣ የቀረችው ጡንቻ ሁሉ ትሠራለች። ከዚያ ዊልቸር ላይ ይቀመጥና ኳስ ወይም ቀስት ይሰጠዋል። ስፖርቱን የጨመሩት ለጨዋታ አልነበረም፤ ቀስት የሚስብ ሰው ትከሻውና ክንዱ ይጠነክራል፣ ሚዛኑን ጠብቆ መቀመጥም ይለምዳል።

አበበም በዚያ ስምንት ወር ቆየ። ንግሥት ኤልሳቤጥ መጥተው ጠየቁት፤ የመልካም ምኞት ካርድ ከየአገሩ ጎረፈለት። ጋዜጦቻችን የሚወዱት ይህን ነው። ትልቁ ነገር ግን እጆቹ መመለሳቸው ነው። ከአንገት በታች ሽባ ሆኖ የሄደው ሰው ክንዶቹን እያዘዘ፣ ወንበሩን ራሱ እየገፋ መጣ። እግሮቹ አልተመለሱም።

እዚህ ላይ አንድ የቀን መቁጠሪያ ግጥምጥሞሽ አለ፤ ሳልጠቅሰው ማለፍ አልቻልኩም። አበበ ሮም ላይ ካሸነፈ ከስምንት ቀን በኋላ፣ በዚያችው ከተማ፣ ከ23 አገሮች የመጡ 400 ያህል አካል ጉዳተኞች የጉትማንን ውድድር ጀመሩ፤ ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ የምንለው እሱን ነው። በቶኪዮም እንዲሁ፣ ከአበበ ሁለተኛ ድል በኋላ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ዊልቸሮቹ መጡ። ሁለት ጊዜ በአጠገቡ ሲያልፍ ያላየው ዓለም በሦስተኛው ቤቱ አደረገው።

ሌላም ማረም የሚገባ ነገር አለ። ኢትዮጵያን በአካል ጉዳተኞች ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ የወከላት አበበ ነው እየተባለ ይጻፋል። አይደለም። መኪናው ከመገልበጧ አራት ወር ተኩል ገደማ ቀደም ብሎ፣ በኅዳር 1961 ዓ.ም. አካባቢ፣ ቴል አቪቭ በተደረገው ፓራሊምፒክ ኢትዮጵያ ሁለት ተወዳዳሪዎች ልካ ነበር። ስማቸውን የሚያነሣ የለም፤ በሐውልትም በቴምብርም አላየናቸውም። የአበበ ዝና ብርሃኑን ሁሉ ወደ ራሱ ስለሳበ ከጥላው ሥር ቀሩ።

አበበ በሐምሌ 1962 ዓ.ም. በስቶክ ማንድቪል ውድድር በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሳተፈ። በዓመቱ ኖርዌይ ለአካል ጉዳተኞች ባዘጋጀችው ውድድር በክብር እንግድነት ተጠራ። እንግዳ ሆኖ የሚቀመጥ ሰው ግን አልነበረም፤ ቀስቱንም ቴኒሱንም ሞከረ። ቀጥሎ፣ የሸዋ ልጅ በረዶ የት ያውቃል ሳይባል፣ በስሌድ ውድድር 16 ተፎካካሪዎችን ቀድሞ በ1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ገባ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ጭር ያሉ ናቸው። ቤት፣ ቤተሰብ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ጉብኝት፣ አልፎ አልፎ የውጭ ጋዜጠኛ። በነሐሴ 1964 ዓ.ም. ሙኒክ ላይ በክብር እንግድነት ሲገኝ የስታዲየሙ ሕዝብ ተነሥቶ አጨበጨበለት። የማራቶኑ ዕለት ጳጉሜን 5 ነበረች፤ ከሮም አሥራ ሁለት ዓመት፣ ያችው ቀን። ማሞ ወልዴ ሦስተኛ ወጣ፤ አሸናፊው አሜሪካዊ ፍራንክ ሾርተር ሜዳሊያውን ተቀብሎ ሲያበቃ የአበበን እጅ ጨበጠ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ከአደጋው ጋር በተያያዘ የጭንቅላት ደም መፍሰስ በ41 ዓመቱ አረፈ። በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ሲቀበር ንጉሠ ነገሥቱን ጨምሮ 65,000 ያህል ሰው ተገኘ ይባላል።

አበበ ድሉንም አደጋውንም በአንድ እጅ ተቀብሏል። ያሸነፍኩትም የተሰበርኩትም በእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ባይ ነበር። እንጦጦ ላይ ይህን የሚሰማ ጸበልተኛ ራሱን ይነቀንቃል። ልብ መባል ያለበት ግን አበበ ፈቃዱን ተቀብሎ እጁን አጣጥፎ አለመቀመጡ ነው፤ ስምንት ወር በሕክምና ከረመ፤ ከዚያም ቀስት ሳበ። በዚሁ ተራራ ሌላ ጊዜም ተመሳሳይ ክርክር ተነሥቷል። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ብዙ ሰዎች ለጸበል እንጦጦ በሰፈሩበት ወቅት፣ መድኃኒት የወሰደ እምነት ጎድሎታል የሚሉ ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱም ጸበሉም የእግዚአብሔር ስጦታዎች ናቸው፣ አንዱን ለሌላው አትተዉ ብለው አስተማሩ። ለክራንችና ለሰው ሠራሽ እግር ግን እንዲህ ያለ አዋጅ እስካሁን አልተሰማም። ክራንቹን ጥሎ መሄድ የመዳን ምልክት ተደርጎ ስለሚታይ፣ ክራንች መያዝ ያልዳኑ ሰዎች ነገር የሚመስላቸው አሉ።

አበበ ተራ ወታደር ቢሆን ኖሮ ምን ይጠብቀው ነበር? በ1961 ዓ.ም. አገር ውስጥ የነበረው ጥቂት ነው። መናገሻ ላይ ቼሻየር የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ፖሊዮ የጎዳቸውን ሕፃናት ይዞ ነበር፤ በ1958 ዓ.ም. የተመሠረተው አለርት የተባለው ሆስፒታል የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ያክም፣ መልሶም ያቋቁም ነበር። የአካል ጉዳተኞች ማቋቋሚያ ድርጅት በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ አበበ በረዶው ላይ ባሸነፈበት ዓመት መሆኑ ነው።

ዛሬ አድራሻው በዝቷል። የቼሻየር አገልግሎት ከመናገሻ አልፎ ሄዷል። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ በአገሪቱ ያሉ የአካል ተሃድሶ ማዕከላትን ሰው ሠራሽ እግር በመሥራትና ባለሙያ በማሠልጠን ሲያግዝ ዐሥርት ዓመታት ተቆጥረዋል። አዲስ ጉዞ የተባለው ድርጅት ከስዊዘርላንድ የመጡ ያገለገሉ ዊልቸሮችን አዲስ አበባ ላይ እየጠገነ ይሰጣል። በ2017 እ.ኤ.አ. የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን የተቀበለችው ዓይነ ስውሯ የሕግ ባለሙያ የትነበርሽ ንጉሤ ከመሠረቱት አንዷ የሆነችበት የኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችና ልማት ማዕከልም አለ። ሕጉም ወጥቷል፦ የሥራ ስምሪት መብቱ በአዋጅ 568/2000፣ የሕንፃዎች ምቹነት በአዋጅ 624/2001፣ የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በአዋጅ 676/2002። የመሣሪያው ነገር ግን ገና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ በድሃ አገሮች አጋዥ መሣሪያ ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች የሚያገኙት 3 በመቶ ብቻ የሆኑበት ቦታ አለ።

የስፖርቱ መዝገብ ደግሞ ፈጥኖ ሄዷል። በ2012 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ወንድዬ ፍቅሬ በ1,500 ሜትር የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ሜዳሊያ፣ ብር፣ ለአገሩ አመጣ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ትዕግሥት ገዛኸኝ በዚያው ርቀት የመጀመሪያውን ወርቅ ወሰደች፤ ከተማዋም ቶኪዮ ነበረች። በፓሪስ እሷ ደገመችው፤ ያየሽ ጌቴም በዓይነ ስውራን ምድብ ሌላ ወርቅ ጨመረች። ሁሉም ሯጮች ናቸው፤ ስታዲየም የሚገቡት በእግራቸው ነው። በዊልቸር የሚሽቀዳደም ሰው ግን ክብደቷ የቀለለ፣ በልኩ የተሠራች ባለ ሦስት ጎማ የውድድር ወንበር ያስፈልገዋል። እሷ ደግሞ ኮረት ላይ አትሄድም፤ ዋጋዋም ከብዙ ቤተሰብ የዓመት ገቢ በላይ ነው።