መንገድን በጭነት የመፈተን ታሪክ፤ ከአዘዞ መገንጠያ እስከ አስመሳይ ፖርት

ከጎንደር በስተደቡብ የሚገኘው አዘዞ፣ ዐፄ ሱስንዮስ ገነተ ኢየሱስን ያሠሩበትና እ.ኤ.አ. በ1632 ባረፉ ጊዜ የተቀበሩበት ስፍራ ከመሆኑ በላይ፣ መንገዶች የሚለያዩበት መገንጠያ ነው፤ አንደኛው በጭልጋ ወደ መተማ፣ ሁለተኛው በቆላ ድባ ወደ ጎርጎራ፣ ሦስተኛው በማክሰኚት ወደ ባሕር ዳር ያቀናል። ጎንደር መናገሻ በነበረችበት ዘመንና ከዚያም በኋላ፣ ቡናና ዝባድ፣ ሰምና ወርቅ ጭኖ ወደ መተማ የሚወርደው ቅፍለት የመንገዱን ዐቅም የሚያውቀው በልምድ ብቻ ነበር፤ ክረምቱ ገብቶ ወንዙ ሲሞላ፣ ወይም አጋሰሱ በጠባብ ቁልቁለት ላይ ሲተፋፈግ፣ የመንገዱ ጉድለት የሚገለጠው እውነተኛው ንብረት ተይዞ ከቆመ በኋላ ነበርና፣ የትምህርቱን ዋጋ የሚከፍለው ነጋዴው ራሱ ነበር።

ልምድን በስሌት መተካት የተቻለው ሰው ቃሉን በሽቦ መላክ ከጀመረ በኋላ ነው። በአገራችን በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ሐረርን ከአዲስ አበባ የሚያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር የስልክና የቴሌግራፍ መስመር ከተዘረጋ ከዓመታት በኋላ፣ በኮፐንሀገን የስልክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው የሒሳብ ሊቅ አግነር ኤርላንግ፣ እ.ኤ.አ. በ1909 የስልክ ጥሪዎችን አመጣጥ በዕድል ስሌት የሚመረምር ጽሑፍ አወጣ፤ በ1917ም ለተወሰነ የጥሪ ብዛት ስንት መስመር እንደሚበቃ የሚለይ ቀመር አበረከተ። መስመር ያጣ ደዋይ ጥቂት ቆይቶ መልሶ ይደውላልና፣ ያ ስሌት መጠነኛ ጉድለትን ይታገሥ ነበር።

የመረጃ ማከማቻ አውታር ግን ይህ ትዕግሥት የለውም። እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ሲሰናዳ ቆይቶ በ1994 በአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም የጸደቀው ፋይበር ቻናል፣ ሰርቨሮችን ከዲስክ ማከማቻዎች ጋር በስዊች አማካይነት ሲያገናኝ፣ ተቀባዩ ባዶ ቦታ መኖሩን በክሬዲት ካላረጋገጠ በቀር ላኪው አንዲት ፍሬም (የመረጃ ጥቅል) እንኳ እንዳይልክ ሥርዓት ሠራ። መረጃ በመጨናነቅ ምክንያት እንዳይጠፋ የሚጠብቀው ይኸው ሥርዓት ግን የራሱ ፈተና አለው፤ አንድ ዘገምተኛ ተቀባይ ክሬዲቱን ሳይመልስ ሲቀር፣ በዚያው ጎዳና የሚያልፉ ሌሎች ባለጉዳዮች ሁሉ ያለ ጥፋታቸው ይቆማሉ።

ይህ ዐይነቱ ደዌ በወረቀት ላይ በሚሠራ ስሌት ብቻ ስለማይገኝ፣ ባለሙያዎች የአስመሳይ ፖርትን፣ ማለትም የእውነተኛ ሰርቨር መገናኛ በር መስሎ የሚቀርብ ፖርትን፣ ጥበብ አመጡ። የመፈተሻው መሣሪያ ከስዊቹ ጋር በአንድ ገመድ ብቻ እንኳ ተገናኝቶ፣ ብዙ ሰርቨሮች እንደ መጡ ያህል እያንዳንዱ አስመሳይ ፖርት የየራሱን 64 ቢት መለያ ስም ይዞ ለመግባት ይጠይቃል፤ ስዊቹም ለእያንዳንዱ 24 ቢት አድራሻ ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ የማንበብና የመጻፍ ትእዛዝ ይጎርፋል፤ ፈታኙም ጭነቱን ደረጃ በደረጃ እየጨመረ የምላሹን መዘግየት በማይክሮ ሰከንድ ይመዘግባል፣ አንዱን አካላዊ ፖርት ሆን ብሎ ክሬዲት እንዲያዘገይ አድርጎ ጉዳቱ እስከ የት እንደሚዘልቅ ይከታተላል፣ በስዊቾች መካከል ያለ ገመድ ነቅሎም ጭነቱ ወደ ሌላው መስመር መዞሩን ያረጋግጣል። ሆኖም አስመሳዩ ጭነት ከእውነተኛው ጠባይ ከራቀ ፍርዱ ሐሰት ይሆናል፤ በዚህ ምክንያት ጠንቃቃ ፈታኝ አስቀድሞ በሥራ ላይ ካለው አውታር የትእዛዞቹን መጠንና ንባብ ከጽሑፍ አንጻር ያለውን ድርሻ መዝግቦ፣ አስመሳዩን በዚያ ልክ ያዘጋጃል።

ዛሬ ገንዘባችን ራሱ መዝገብ ሆኗል፤ ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ብዙ ሰው የኪሱን ብር ለሰርቨር ዐደራ ሰጥቷል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰው ችግር፣ ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ገንዘብ እንዲያወጡ ያስቻለው፣ የማከማቻ አውታር ጉዳይ ነው ባይባልም፣ ባንኩ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን መግለጹ ግን የሥርዓት ችግር ከውጭ ጠላት ብቻ እንደማይመጣ ለሁሉም አሳይቷል። ስለዚህ የሕዝብን ሒሳብ፣ የሕሙማንን መዝገብና የተማሪዎችን ውጤት የሚጠብቁ ተቋማት አዲስ አውታር ባቆሙ ቁጥር፣ የምረቃውን ቀን ከማብሠራቸው በፊት የፈተናውን ውጤት ይመርምሩ፤ ያልተፈተነ መንገድ ላይ የሕዝብ ዐደራ አይጫን።