ቀበሮና ተኩላ፤ ከፊልቱ እስከ ሳነቴ የአንድ ስም ታሪክ

ከነገሌ ቦረና ተነሥቶ በስተምሥራቅ ወደ ዶሎ ኦዶ የሚወርደው መንገድ ፊልቱን አቋርጦ ያልፋል። በዚያ በግራርና በቁጥቋጦ በተሸፈነ ቆላ ምድር ፀሐይ ስትጠልቅ የሚሰማው የቀበሮ ጩኸት ለአገሬው ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በሶማሊኛ «ዳዋዖ» የሚለው ቃል፣ በአማርኛ «ቀበሮ» እንደሚለው ሁሉ፣ ከአንድ የበለጡ አራዊትን በአንድነት ይጠቀልላል። ግልገል የጠፋበት እረኛ «ቀበሮ በላብኝ» ሲል ንግግሩ ስሕተት የለበትም፤ ለእርሱ ከዚህ የበለጠ ዝርዝር አያስፈልገውምና። ለእንስሳት ሐኪምና ለዱር አራዊት ባለሙያ ግን «የትኛው ቀበሮ?» የሚለው ጥያቄ ታልፎ የሚሄድ አይደለም። የዚህ ጥያቄ ታሪክ ወደ ሁለት መቶ ዓመት የሚጠጋ ሲሆን፣ በዚህ ሁሉ ዘመን የሠለጠነው ዐይን ብዙ ጊዜ ተሳስቷል።

በፊልቱ አካባቢ ቀበሮ ከሚባሉት ዋነኞቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ባለ ጥቁር ጀርባው ቀበሮ ነው። ከማጅራቱ አንሥቶ እስከ ጅራቱ ሥር ድረስ ነጫጭ ጠጕር የተቀላቀለበት ጥቁር ጠጕር እንደ ኮርቻ ልብስ ተነጥፎበታል። የኮርቻው ጠርዝ ከጎኑ ዳማ ቀለም ጋር በጉልህ መስመር ይለያል፤ ጆሮውም ትልቅና ሹል ነው። ሁለተኛው በመጻሕፍት ለብዙ ዘመን «ወርቃማ ቀበሮ» ሲባል የኖረው ነው። ይህኛው በጀርባው ላይ ጠቆር ያለ ጠጕር ቢኖረውም ጠርዙ የደበዘዘ ነው፤ መላ አካሉም ወደ ቢጫነትና ወደ አመድማነት ያደላል። ባለ ጥቁር ጀርባው ከ6 እስከ 13፣ ወርቃማው ከ7 እስከ 15 ኪሎ ግራም ስለሚመዝኑ በግዝፈት ይቀራረባሉ። የሁለቱም የጅራት ጫፍ ጥቁር ነው። ሌሊት በጥንብ ዙሪያ ሲራወጡ ለይቶ መናገር ያስቸግራል፤ በቀን ብርሃን ግን ኮርቻውን ያስተዋለ ሰው አይሳሳትም።

ከነገሌ በሌላው አቅጣጫ፣ ገናሌን ተሻግሮ በዶሎ መና በኩል ወደ ሰሜን የሚወጣ መንገደኛ፣ የሐረናን ደን ካለፈ በኋላ 4,000 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው በሳነቴ አምባ ላይ ሦስተኛውን ያገኛል። ይህ ቀይ ቀበሮ ነው። ጠጕሩ ደማቅ ቀይ፣ ጉሮሮው፣ ደረቱና የሆዱ ሥር ነጭ፣ እግሩ ረጅም፣ አፈሙዙ ጠባብና ሹል ነው። ጅራቱ ከሥሩ በኩል ነጭ ይታይበትና ከዚያ ወደ ታች ጥቁርና ጎፈሬ ይሆናል። ወንዱ ከ14 እስከ 19፣ ሴቷ ከ11 እስከ 14 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ። ጥርሶቹ ትናንሽና የተራራቁ ናቸው፤ ይህም ምግቡ በአብዛኛው አይጥና ፍልፈል በመሆኑ ነው። በመንጋ እየኖረ ለብቻው ያድናል።

እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ አቁሞ «የትኞቹ ሁለቱ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር፣ ማንም ተመልካች ያለ ጥርጥር የፊልቱን ሁለቱን ይመርጥ ነበር። አንድ ጥንብ ይጋራሉ፣ በአንድ ስም ይጠራሉ፣ ቁመታቸውም ይመሳሰላል። መልሱ ግን ስሕተት በሆነ ነበር። ባለ ጥቁር ጀርባው ከሌሎቹ እጅግ ቀደም ብሎ የተለየ ሩቅ ዘመድ ሲሆን፣ የቆላው ወርቃማና የደጋው ቀይ ግን ከውሻና ከተኩላ ጋር የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ወደዚህ መደምደሚያ ለመድረስ ረጅም ጊዜ ወስዷል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቀይ ቀበሮን ለአውሮፓ ሳይንስ ያስተዋወቀው የፍራንክፈርቱ ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፐል ነው። በ1830ዎቹ መጀመሪያ ኢትዮጵያን ሲጎበኝ በስሜን ተራሮች ያገኘውን ይህን እንስሳ «ካኒስ ሲሜንሲስ» ብሎ ሰየመው። ቃሉ ሲተረጐም «የስሜን ውሻ» ማለት ነው። የመጀመሪያው ስም ከኋለኞቹ ሁሉ ለእውነቱ የቀረበ መሆኑ ሊያስገርም ይገባል። ከእርሱ በኋላ የመጡት ሊቃውንት የውሻነቱን ነገር ተጠራጠሩ። እንግሊዛዊው ጆን ኤድዋርድ ግሬይ በ1868 ከውሻ ወገን አውጥቶ «ሲሜኒያ» የሚባል የራሱን ወገን አቋቋመለት። ሌሎች ደግሞ በአፈሙዙ ቀጭንነት ተመርተው የግሬይሃውንድን አዳኝ ውሾች ከእርሱ ዘር ሊያወርዱ ሞከሩ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች አንድ ጊዜ «የስሜን ቀበሮ»፣ አንድ ጊዜ «ቀይ ጃካል»፣ አንድ ጊዜ ደግሞ «የሐበሻ ተኩላ» እያሉ ሲጠሩት ኖሩ። አንድ ዝርያ ይህን ያህል ስም ሲፈራረቅበት፣ ችግሩ ከእንስሳው ሳይሆን ከተመልካቹ መሆኑን መገመት አያዳግትም።

የባላገሩ አሰያየም በአንጻሩ መልክን ብቻ ሳይሆን ጠባይንም ይመለከታል። የባሌ ኦሮሞ ይህን እንስሳ «ጄደላ ፈርዳ»፣ ማለትም «የፈረስ ቀበሮ» ይለዋል። ምክንያቱም ልትወልድ የደረሰች ባዝራ ወይም ላም እየተከተለ የእንግዴ ልጁን ለመብላት ስለሚጠብቅ ነው። በከብት መንጋ መካከል እየተዘዋወረ፣ ከብቶቹን እንደ መከለያ ተጠቅሞ አይጥ ሲያድንም ይታያል። እረኛው ይህን እያየ ባለመፍራቱና ባለማሳደዱ የተመራማሪው ማስታወሻ ከእረኛው ዕውቀት ጋር የተስማማበት አንድ ነጥብ ተገኝቷል። በጎችና ፍየሎች አልፎ አልፎ ቢጠቁም የቀይ ቀበሮ ዋነኛ ሲሳይ ከመሬት በታች ያለው ነው።

በአማርኛ የስሙ ጉዳይ ሌላ ውስብስብነት አለው። «ተኩላ» የሚለው ቃል በመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም የታወቀውን የበግ ጠላት ሲያመለክት፣ በቆላ አገር አዳኞች ዘንድ ደግሞ በመንጋ ለሚያድነው ዝንጉርጉሩ የዱር ውሻ ያገለግላል። ስለዚህ በውጭ አገር ጽሑፎች «የኢትዮጵያ ተኩላ» የሚለው መጠሪያ ሲጸና፣ አማርኛው «ቀይ ቀበሮ»ን ይዞ ቀረ። ይህ በመሠረቱ ጉድለት አይደለም፤ ሕዝብ የለመደውን ስም በአዋጅ መለወጥ አይቻልም፣ አስፈላጊም አይደለም። ጉዳት የሚመጣው በባለሙያ ጽሑፍ ውስጥ «ቀበሮ» ተብሎ ብቻ ሲታለፍ ነው። በእብድ ውሻ በሽታ የተጠረጠረ «ቀበሮ» ሞቶ መገኘቱ የተመዘገበበት ወረቀት፣ ቦታው ፊልቱ ከሆነ አንድ ነገር፣ ዶሎ መና ከሆነ ሌላ ነገር፣ ሳነቴ ከሆነ ደግሞ ፈጽሞ የተለየ ነገር ይናገራልና።

ቁርጥ ያለው መልስ የመጣው ከደምና ከጠጕር ከተወሰደ የዘር ምርመራ ነው። በባሌ ተራሮች ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ቀይ ቀበሮን ሲያጠኑ የቆዩት ዳዳ ጎቴሊና ክላውዲዮ ሲየሮ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1994 ባሳተሙት ጥናት፣ እንስሳው ከቀበሮዎች ይልቅ ለግራጫው ተኩላና ለሰሜን አሜሪካው ኮዮቴ የቀረበ መሆኑን አስረዱ። የሩፐል «ውሻ» በ160 ዓመት ገደማ ውስጥ ዞሮ ወደ ቦታው ተመለሰ ማለት ነው።

የወርቃማው ታሪክ ከዚህ የባሰ የተጠማዘዘ ነው። ሄምፕሪሽና ኤረንበርግ የተባሉት ጀርመናውያን በ1832 ከግብፅ ያመጡትን ዓይነት «ካኒስ ሉፓስተር» ብለው ሰይመውት ነበር። ቶማስ ሃክስሊም በ1880 የራስ ቅሉ ተኩላን እንደሚመስል አመለከተ። ይሁን እንጂ ሰሚ አላገኘም፤ እንስሳው ከእስያው ወርቃማ ቀበሮ ጋር እንደ አንድ ዝርያ እየተቈጠረ አንድ መቶ ዓመት አለፈ። በ2011 በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች በተሰበሰበ ናሙና ላይ የተደረገ ምርመራ የተኩላ ዘር የሆነ «ቀበሮ» መኖሩን ሲያመለክት ነገሩ እንደ ገና ተነሣ። በ2015 የአፍሪካውና የእስያው ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች መሆናቸው ተረጋገጠ። በ2018 የወጣው ሰፊ የዘር ጥናት ደግሞ የአፍሪካው ወርቃማ ተኩላ 72 በመቶ ያህል ከግራጫ ተኩላ፣ 28 በመቶ ያህል ከቀይ ቀበሮ የወረሰ የጥንት ድቅል መሆኑን ገለጠ። እንግዲህ በፊልቱ በረት ዙሪያ ሌሊት የሚያንዣብበው ወርቃማ፣ አጠገቡ ካለው ባለ ጥቁር ጀርባ ይልቅ በሳነቴ ላይ ላለው ቀይ ቀበሮ በሥጋ ይቀርባል። ዝምድናው ፍቅርን አያመጣም፤ በመንዝ ጓሳ ሁለቱ በሚገናኙበት ስፍራ ቀይ ቀበሮ ወርቃማውን ከአይጥ ማደኛው እያባረረ ወደ ሰው መንደር ዳርቻ እንደሚገፋው ታይቷል።

ዝምድና በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር። የአንድ ወገን አባል መሆን ግን መዳቀልን ያስከትላል። በባሌ ምዕራባዊ ክፍል፣ በወይብ ሸለቆ፣ የከብት አርቢዎች ውሾች ከጅብና ከነብር ለመጠበቅ ከመንጋው ጋር ይኖራሉ። አብዛኞቹ ሳይታሰሩ የሚዘዋወሩ ሲሆኑ ከቀይ ቀበሮ ሴቶች ጋር የሚገናኙ ወንዶች አሉ። በ1994ቱ ጥናት በወይብ ሸለቆ የውሻ ደም ያለባቸው እንስሳት ተገኝተዋል፤ የእናታቸው ዘር የቀይ ቀበሮ፣ የአባታቸው የውሻ ነበር።

እዚህ ላይ መለየት የሚባለው ነገር በጣም ይከብዳል። የመጀመሪያው ትውልድ ዲቃላ ለዐይን ይታያል፤ አካሉ ደንደን ያለ፣ አፈሙዙ አጠር ያለ፣ የጉሮሮውና የደረቱ ነጭ ቀለም የተዛባ ነው። ነገር ግን ዲቃላው ተመልሶ ከቀይ ቀበሮ ጋር ሲዋለድ ምልክቱ በየትውልዱ ይደበዝዛል። ጥርስን ማየት ይረዳል፤ ጡትን መቁጠርም እንዲሁ፤ ቀይ ቀበሮ ስምንት ጡቶች ሲኖሯት፣ ውሻ አብዛኛውን ጊዜ አሥር አላት። ውሻ በዓመት ሁለት ጊዜ ለመውለድ ስትችል፣ ቀይ ቀበሮ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ከመንጋው የበላይ የሆነችው ሴት ብቻ ናት በአብዛኛው የምትወልደው። እነዚህ ሁሉ ግን እንስሳውን በእጅ መያዝን ወይም ለዓመታት መከታተልን ይጠይቃሉ። በጥበቃው ሥራ የተሰማሩት ባለሙያዎች ዲቃላ መሆናቸው የታወቁትን እየያዙ እስከ ማምከን ደርሰዋል። በዓለም ላይ የቀሩት ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ብቻ በመሆናቸው፣ ንጹሑን እንስሳ በዲቃላነት ፈርዶ ማምከን ምን ያህል ኪሣራ እንደሆነ ለሙያ ጓደኛ ማስረዳት አያሻም። ዲቃላውን አምልጦ እንዲቀጥል መተውም ያንኑ ያህል ያስከፍላል። ዐይን ብቻውን የማይበቃበት ቦታ ይኸው ነው።

ከመዳቀሉ ይልቅ ፈጥኖ የሚገድለው ደግሞ በሽታው ነው። በ1991 እና በ1992 የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ ገብቶ በወይብ ሸለቆ በክትትል ላይ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ፈጀ። በ2003 በዚያው ሸለቆ ያው ጥፋት በዚያው መጠን ተደገመ። በ2008 እና በ2014 እንደ ገና ተመለሰ፤ በመካከሉም የውሻ ዲስቴምፐር በ2006፣ በ2010 እና በ2015 ተከታትሎ መታ። የሁሉም ምንጭ የቤት ውሻ መሆኑ ይታመናል። ውሻው ደግሞ በአንድ ቦታ አይወሰንም፤ በባሌ «ጎዳንቱ» በሚባለው የወቅት ዝውውር ቆለኛው ከብቱን እየነዳ ወደ ደጋ ሲወጣ ውሻውም አብሮ ይወጣል። የቆላው ሐኪም የከተበው ወይም ሳይከትበው ያለፈው ውሻ የሳነቴን ዕጣ ይወስናል ማለት ነው።

ለዓመታት የተሠራው ውሾቹን መከተብ ነበር። ከ2003ቱ እልቂት በኋላ በሽታው ወደ ሌሎች ሸለቆዎች እንዳይተላለፍ ቀይ ቀበሮዎቹን ራሳቸውን በወጥመድ እየያዙ በመርፌ መከተብ ተጀመረ። ሁሉንም ሳይሆን በሸለቆዎች መገናኛ ያሉትን መንጋዎች ብቻ በመከተብ ወረርሽኙን መግታት እንደሚቻልም ታየ። በነሐሴ 2018 ደግሞ በአፍ የሚሰጠው ክትባት በባሌ ሥራ ላይ ዋለ። ክትባቱ በፍየል ሥጋ ውስጥ ተደብቆ በመንጋዎቹ መኖሪያ ይጣላል። ሥጋውን የሚያነሣው ቀይ ቀበሮ ሊሆን ይችላል፤ ውሻም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሥጋው ከተጣለበት ራቅ ብሎ በሳነቴ ብርድ የተቀመጠው ተቆጣጣሪ፣ ሮጦ የመጣውን ጥላ ሲያይ በመዝገቡ ላይ ከዝርያ ስሞቹ አንዱን መጻፍ ይኖርበታል።