ጣሪያ አልባው አልጋ፦ የዝናብ ሸራ ከየት መጣ? የትኛውስ ይሻላል?

ሁለት ዛፎች አግኝታችሁ ሃሞካችሁን ሰቀላችሁ እንበል። ሃሞክ ማለት ሁለቱ ጫፎቹ በገመድ ታስረው አየር ላይ የሚንጠለጠል የጨርቅ አልጋ ነው። እንቅልፍ ወስዷችሁ ሳለ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ዝናብ መጣ። መሬት ላይ ስላልተኛችሁ ከታች የሚሄደው ጎርፍ አያሳስባችሁም። ከላይ የሚወርደውስ?

ጥያቄው የምቾት ብቻ አይደለም። እርጥብ ልብስ የሰውነትን ሙቀት ከደረቅ ልብስ እጅግ በፈጠነ ሁኔታ ይወስዳል። ሰው በብርድ ለመሞት የግድ በረዶ መኖር የለበትም። የአየሩ ሙቀት 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆንም እንኳ በዝናብ የበሰበሰና ነፋስ የሚመታው ሰው አደጋ ላይ ነው። ስለዚህ ከሃሞኩ በላይ የሚወጠረው ሸራ ከአልጋው እኩል፣ አንዳንዴም ከአልጋው በላይ ያስፈልጋል።

ታዲያ የትኛው ሸራ ይሻላል? መልሱን ለማግኘት ታሪኩን ማየት ይረዳል። ባለፉት መቶ ዓመታት የተሠራው እያንዳንዱ የሸራ ዓይነት አንድ ችግር ፈትቶ ሌላ ችግር ይዞ ነው የመጣው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተዋሰው ጣሪያ

ክሪስቶፈር ኮሎምበስ በ1492 ባሃማስ ደሴቶች ሲደርስ የአካባቢው ሰዎች መረብ በሚመስል የጥጥ አልጋ ላይ እንደሚተኙ ማስታወሻው ላይ አስፍሯል። ስሙም የመጣው ከታይኖ ሕዝብ ቋንቋ፣ “ሃማካ” ከሚለው ቃል ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ታይኖዎች ሃሞካቸውን የሚሰቅሉት በሣር ወይም በዘንባባ ቅጠል በተከደነ ቤታቸው ውስጥ ነበር። ዝናቡን የሚመልሰው ቤቱ እንጂ አልጋው አልነበረም።

በኋላ የአውሮፓ መርከበኞች ሃሞክን ወሰዱት። መርከብ ሲናወጥ አብሮ ስለሚወዛወዝ የተኛውን ሰው አይጥልም፤ ጠዋት ተጠቅልሎ ስለሚቀመጥም ቦታ አይፈጅም። መርከበኞቹም ቢሆኑ የሚተኙት ከመርከቡ ወለል በታች፣ በእንጨት ጣሪያ ሥር ነበር። ሃሞክ ለብዙ ዘመን ጣሪያ ሲዋስ የኖረ አልጋ ነው ማለት ይቻላል። ችግሩ የመጣው ሰዎች ይዘውት ወደ ጫካ ሲገቡ ነው።

ቅጥራን የጠጣ ጨርቅ

እዚያው መርከብ ላይ ግን ሌላ ነገር እየተሠራ ነበር። የመርከብ ሸራ የሚሠራው ከተልባ ተክል ወይም ከሄምፕ ቃጫ ነው። አዎ፣ ፍሬውን ቆልተን ከምንፈጨው ከራሱ ከተልባ። መርከበኞች ይህን ጨርቅ ቅጥራን ያጠጡት ነበር፤ በኖኅ መርከብ ታሪክ የምናውቀው ዓይነት፣ ውሃ የማያስገባ ጥቁር ዝልግልግ ነገር። የእነሱ ቅጥራን የሚገኘው የጥድ እንጨት በዝግታ ሲቃጠል ነው። በእንግሊዝኛ ቅጥራን “ታር” ይባላል፤ የዝናብ ሸራ መጠሪያ የሆነው “ታርፖሊን” የሚለው ቃልም ከዚያ ጋር የተያያዘ ነው። መርከበኞቹ ራሳቸው “ታር” የሚል ቅጽል ስም ወጥቶላቸው ነበር።

ቅጥራኑ ዝናቡን መለሰ። ነገር ግን ሸራው ከባድ ሆነ፣ በፀሐይ ይጣበቃል፣ በብርድ ይሰነጠቃል፣ ይሸታል፣ እሳት ሲነካውም ይንበለበላል። ሌላው አማራጭ ጨርቁን የተልባ ዘይት መቀባት ነበር። የተልባ ዘይት ከአየር ኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ይጠጥርና ውሃ የማያሳልፍ ስስ ሽፋን ይሠራል። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ይህ ኬሚካዊ ሂደት ሙቀት ያመነጫል። ዘይት የጠጣ ጨርቅ ሳይደርቅ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ማንም ሳይነካው በራሱ ሊነድ ይችላል። ከድጡ ወደ ማጡ!

ጎማ መጣ

የአማዞን ነባር ሕዝቦች ከዛፍ በሚፈስ ነጭ ወተት፣ ማለትም በጎማ፣ ዕቃቸውን ውሃ እንዳያስገባ ማድረግ ከአውሮፓውያን ቀድመው ያውቁ ነበር። በ1823 የስኮትላንዱ ቻርልስ ማኪንቶሽ ከዚህ ጎማ የፈጠራ መብት ያስመዘገበበትን ጨርቅ ሠራ። ጎማውን ከድንጋይ ከሰል ተረፈ ምርት በሚገኝ ፈሳሽ አሟሟው፣ ከዚያም በሁለት ጨርቆች መሃል ቀብቶ አጣበቃቸው። እንደ ሳንድዊች ማለት ነው። በብሪታንያ የዝናብ ካፖርት እስከ ዛሬ በስሙ “ማኪንቶሽ” ይባላል።

ሁለት ችግሮች ነበሩበት። አንደኛ፣ ልብስ ሰፊው መርፌ በሰካ ቁጥር ቀዳዳ ይፈጠራል፤ ውሃውም በዚያ በኩል ይገባል። ዛሬ ጥሩ ሸራ ላይ ስፌቱ ለብቻው የሚደፈነው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛ፣ ጥሬ ጎማ በሙቀት ይለሰልሳል፣ በብርድ ይደርቃል። ይህን የፈታው አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር ነው። በ1839 ጎማን ከድኝ ጋር ቀላቅሎ ሲያግለው ቅርፁን የማይለቅ ጠንካራ ነገር ሆነለት። ድኙ ረጃጅሞቹን የጎማ ሞለኪውሎች እርስ በርስ ያስተሳስራቸዋል። ዛሬ ጎሚስታ ቤት ተደርድሮ የምታዩት ጎማ ሁሉ በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው። ጉድይር ራሱ ግን በ1860 የሞተው ዕዳ ውስጥ ተዘፍቆ ነው።

የጎማው ሸራ ጥሩ ነበር፤ ክብደቱ ግን አሁንም አልቀነሰም።

ጦርነት ጫካ ሲገባ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ጦር በፓስፊክ ደሴቶች ጫካ ውስጥ ተዋጋ። መሬቱ ረግረግ ነው፣ ዝናቡ አያባራም፣ ትንኙ ወባ ያመጣል። በ1942 ሦስት ነገሮችን በአንድ የሰፋ የጫካ ሃሞክ ቀረበ፦ አልጋ፣ የትንኝ መረብና ውሃ የማያስገባ ጣሪያ። ሃሞኩ አሁን የራሱን ጣሪያ ይዞ ይጓዛል። ሆኖም ሁሉም አንድ ላይ የተሰፋ ስለሆነ ጣሪያውን ነጥሎ ለብቻው እንደልብ መወጠር አይቻልም፤ ከባድም ነው።

ከዓመታት በኋላ በቬትናም ጦርነት ጊዜ ተራራና ጫካ አቋርጠው ወደ ደቡብ ይዘልቁ የነበሩት የሰሜን ቬትናም ወታደሮች ሌላ መንገድ ተከተሉ። አንድ ሃሞክ፣ አንድ ለብቻው የሚታጠፍ ላስቲክ፤ በቃ። አልጋው ሌላ፣ ጣሪያው ሌላ። ጣሪያውን ከፍ፣ ዝቅ፣ ዘንበል ማድረግ ይቻላል። ዛሬ በሃሞክ የሚያድሩ ተጓዦች የሚጠቀሙትም ይህንኑ አሠራር ነው።

ከመርከብ ሸራ ተነስቶ ወደ መርከብ ሸራ

የዛሬዎቹ ሸራዎች ልጅነታቸው በ1930ዎቹ ነው። በ1933 እንግሊዝ ውስጥ ሁለት ኬሚስቶች ሌላ ነገር ሲሞክሩ ሳያስቡት ፖሊኤትሊንን አገኙ። በየሱቁ የምናገኘው ላስቲክ በብዛት ከዚህ የተሠራ ነው። ርካሽ ነው፣ ውሃም አይጠጣም። ግን ለቦርሳ ይከብዳል፣ ፀሐይ ሲበዛበትም ይሰባበራል።

በ1935 የአሜሪካዊው ዋላስ ካሮዘርስ ቡድን ናይሎንን ሠራ። ስስ፣ ቀላልና ጠንካራ ነው። ሲልከን ሲቀባ ደግሞ ዝናብ አያስገባም። ጉድለቱ፣ የናይሎን ክር ውሃ ይጠጣል፤ ሲጠጣም ይረዝማል። ማታ እንደ ከበሮ የወጠራችሁት ሸራ እኩለ ሌሊት ላይ ረግቦ ታገኙታላችሁ። በ1941 የተገኘው ፖሊስተር ግን የሚጠጣው ውሃ ከናይሎን አሥር እጥፍ ገደማ ያነሰ ስለሆነ እንደተወጠረ ያድራል። በአንጻሩ በእኩል ክብደት ሲታይ ጥንካሬው ከናይሎን በመጠኑ ያንሳል።

በጣም ቀላሉ የዘመኑ ሸራ ደግሞ የመጣው ከጀልባ ውድድር ነው። በ1992 የአሜሪካ ዋንጫን ካሸነፈው ጀልባ ሸራዎች ጋር ስሙ የሚነሳ ጨርቅ ነው፤ እጅግ ጠንካራ የፖሊኤትሊን ክሮች በሁለት ስስ የፕላስቲክ ገጾች መሃል ተጣብቀው ይሠራል። የማኪንቶሽ ሳንድዊች ተገልብጦ ተመለሰ፣ የካምፕ ሸራም ወደተነሳበት ወደ መርከቡ ተመለሰ። ጉድለቱስ? ዋጋው አይቀመስም፣ እሳት አጠገብም አይወድም።

ሣር ያስተማረው

አሁን አንድ ጥያቄ። የሣር ክዳን ጎጆ ቅጥራን የለውም፣ ጎማ የለውም፣ እንዲያውም ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። ታዲያ ለምን አያፈስም? እረኛ የሚለብሰው ከሣር የሚሠራ ገሳስ? ምስጢሩ ቁልቁለቱ ነው። እያንዳንዱ ሰበዝ ጠብታውን ወደ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ለታችኛው ሰበዝ ያስረክበዋል። ውሃ የሚያስቸግረው ሲቆም ነው።

እስቲ እናስላ። 3 በ3 ሜትር የሆነ ሸራ ስፋቱ 9 ካሬ ሜትር ነው። 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድበት 90 ሊትር ይሆናል፤ 90 ኪሎ ግራም ማለት ነው። በዘንበልታ ከተወጠረ ውሃው ይወርዳል። ጠፍጣፋ ሆኖ መሃሉ ከረገበ ግን አንድ ትልቅ ሰው ጣሪያችሁ ላይ ተኛ ማለት ነው። ውዱ ጨርቅ በመጥፎ አወጣጠር ያስበሰብሳል፤ ርካሹ ላስቲክ በጥሩ ቁልቁለት ያደርቃል።

እንግዲህ ምርጫው

መጀመሪያ ርዝመት። 3.3 ሜትር የሆነ ሃሞክ በትክክል ሲሰቀል ስለሚጎብጥ ከጫፍ ጫፍ ያለው ርቀት 2.75 ሜትር አካባቢ ይሆናል። 3 በ3 የሆነውን ሸራ ቀጥ አድርጋችሁ ብትሰቅሉት በየጫፉ የሚተርፈው 12.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ነፋስ ያዘለ ዝናብ ይደርስባችኋል። ያንኑ ሸራ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ብትሰቅሉት ግን አናቱ 4.24 ሜትር ስለሚሆን በየጫፉ 75 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይተርፋል። ዋጋው ምንድነው? ሸራው ወደ ጫፍ ሲሄድ ስለሚሾል ራስጌና እግርጌ ላይ በየጎኑ የሚወርደው ጨርቅ 75 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። ቀላል ዝናብ ላለበት አገር ይበቃል። ነፋስና ዶፍ ለሚበዛበት ግን ከ3.5 ሜትር ያላነሰ ርዝመትና 3 ሜትር ያህል ወርድ ያለው አራት ማዕዘን ሸራ ውሰዱ።

ቀጥሎ ጨርቅ። ገንዘብ ካነሰ ላስቲክ፣ ሌሊት ተነስቶ ገመድ ማጥበቅ ካላስጠላችሁ ናይሎን፣ ካስጠላችሁ ፖሊስተር። በምንም ጨርቅ ቢሆን ጎኖቹን ሙሉ በሙሉ አትድፈኑ። ዝናብ የማያስገባ ሸራ ትንፋሻችሁንም አያስወጣም፤ እንደ ድስት ክዳን ከውስጥ ያላብና መልሶ ይንጠባጠብባችኋል።

መጨረሻ ላይ ሰው የሚረሳው አንድ ነገር አለ። የዛፉ ውሃ የሃሞኩን ገመድ ተከትሎ እስከ አልጋችሁ ድረስ ይመጣል፤ ሸራው ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን በዚያ በኩል አይከላከልም። ከሸራው ሥር ባለው የገመዱ ክፍል ላይ አጭር ክር አስራችሁ ወደ ታች አንጠልጥሉ። ውሃው ክሩን ይዞ መሬት ይወርዳል።

ይህን ሁሉ ደግሞ ጫካ ሄዳችሁ አይደለም የምትሞክሩት። ሐምሌ ላይ ግቢ ውስጥ ወጥሩት፣ ካስማውን ትከሉ፣ ከሥሩ አንድ ሰዓት ተቀመጡ፤ የሚያፈስበትን ቦታ ዝናቡ ራሱ ያሳያችኋል።